የዮቶር ሥራ

በወጣቶች ክፍል ኦሪት ዘጸአትን ስናጠና ምዕራፍ 18 ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ከቀይ ባሕርና ከሲና ተራራ መካከል የተቀመጠ ምዕራፍ ስለሆነ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ሕዝቡም ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አማቱ ዮቶር ሊጠይቀው መጥቷል። መጀመሪያ ያየውን አየ። ቀጥሎ ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ጠየቀ። ምክሩን የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ምክሩ ደግሞ የሚጀምረው ከድካም ነው፤ እንዲህ ከቀጠልክ አንተም ትዝላለህ፣ ሕዝቡም ይዝላል ነው ያለው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ሙሴ ሰማው። ዮቶርም ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህን ባስተማርኩበት አንድ እሑድ፣ በአንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ወጣት ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች። “ቲቸር፣ ዮቶር ያደረገው ሥራ ነው ወይስ አገልግሎት?” አለችኝ። ለምን እንደጠየቀች ስጠይቃት ነገሩን አወጣችው። ሥራዋ ስለበዛ ከመዘምራን ከወጣች ወዲህ ሰው ባገኛት ቁጥር “አሁን የት ነው የምታገለግይው?” ይላታል። የምትሠራውን ስትናገር ደግሞ “እሱማ እንጀራሽ ነው፤ እኛ የጠየቅንሽ አገልግሎትሽን ነው” ይሏታል። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ድምፅዋን የምትወድ ልጅ ናት፤ መዝሙር የተወችው ሰልችቷት አይደለም።

በአንድ ጥቅስ መልሼ ልሸኛት እችል ነበር። ግን ጥቅሱን እሷም ታውቀዋለች። ስለዚህ ስለ አንዲት አሜሪካዊት አማካሪ ነገርኳት፤ ስሟ ሊሊያን ጊልብሬዝ ይባላል። ለእናንተም የምጽፈው ይህንኑ ነው። ምስክርነት አይደለም፤ የማወራው ስለ ሥራዋ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊሊያን በ1878 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ በምትባል ከተማ ተወለደች። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ በ1900 ስትመረቅም በዚያ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ንግግር ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1904 ፍራንክ ጊልብሬዝን አገባች። ፍራንክ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ፣ በ17 ዓመቱ ግንበኛ ሆኖ ሥራ የጀመረ ሰው ነበር። ነገር ግን ዓይን ነበረው። አንድ ግንበኛ ሲቸኩል ጡብ የሚያኖርበት መንገድ፣ ረጋ ብሎ ሲሠራ ከሚያኖርበት መንገድ እንደሚለይ አስተዋለ፤ ያው ግንበኛ ለጀማሪ ሲያሳይ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው። ሌላም ነገር አየ። ጡቡ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ግንበኛው ባጎነበሰና ቀና ባለ ቁጥር የሚያነሳው ጡቡን ብቻ ሳይሆን የገዛ ገላውን ጭምር ነው። ስለዚህ ጡቡን ከግንበኛው ወገብ ትክክል የሚያደርስ፣ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ ሠራ። አንድ ጡብ ለማኖር ይደረጉ የነበሩት 18 እንቅስቃሴዎች ወደ 4 ተኩል ወረዱ።

ባልና ሚስቱ በኋላ ግንባታውን ትተው ፋብሪካዎችንና መሥሪያ ቤቶችን ወደ ማማከር ዞሩ። ሠራተኞችን በፊልም ካሜራ እየቀረጹ፣ የእጅን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ እየነጠሉ ያጠኑ ነበር። ለእያንዳንዷ ትንሽ እንቅስቃሴ የሰጡት መጠሪያ “ቴርብሊግ” ይባላል፤ የራሳቸው ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። (ቀልደኛው ፍራንክ እንደነበር ታሪካቸውን ያነበበ ሰው ወዲያው ይገምታል።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሠራተኛን እጅ በሰዓት መቁጠር ጥሩ ሥራ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ይህን ዓይነቱን ጥናት አጥብቀው ይቃወሙት ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ሰዓት ይዞ የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ የአሠሪው ሰው ነው። ዛሬም “ውጤታማነት” የሚለው ቃል ከአለቃ አፍ ሲወጣ ጆሯችንን ብናቆም አይፈረድብንም። ሊሊያን የምትለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሥነ ልቡናን አጠናች፤ በ1915 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀበለች። ጥያቄዋም ሰውየው ስንት ጡብ አኖረ የሚለው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ያህል ጉልበት ተርፎታል ወደሚለው ይሻገራል። በ1916 ከባሏ ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ድካም ብቻ የተጻፈ ነው። ስለ መቀመጫ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ዕረፍት ሰዓት ያወራል። የማያስፈልግን ድካም እንደ ብክነት ቆጠሩት። እኔ ደግሞ ዮቶርን አስታወስኩ።

በ1914 የአስተዳደር ሥነ ልቡና ላይ የጻፈችው መጽሐፏ ሲታተም ሽፋኑ ላይ ሙሉ ስሟ አልወጣም። አንባቢው ጸሐፊዋ ሴት መሆኗን እንዳያውቅ “ኤል. ኤም. ጊልብሬዝ” ተብሎ ብቻ ወጣ። ይህን ስነግራት ያቺ ወጣት ፈገግ አለች፤ ለምን ፈገግ እንዳለች እህቶች ታውቃላችሁ።

ሊሊያን 13 ልጆች ወልዳለች። አንዷ ሞታ ተወለደች፤ ሌላዋ በ1912 በዲፍቴሪያ በሽታ ተቀጠፈች። 11ዱ አደጉ። ሁለቱ ልጆቿ በኋላ ስለ ቤታቸው የጻፉት አስቂኝ መጽሐፍ በጣም ስለታወቀ ብዙ ሰው እሷን የሚያውቃት “የብዙ ልጆች እናት” ብሎ ነው። እህቶች፣ ይህን ስታነቡ “እኔ አንድ ሕፃን ይዤ አልቻልኩም” ብላችሁ ራሳችሁን እንዳትወቅሱ አንድ እውነት ልጨምር፤ ቤቷ ውስጥ ሠራተኞች ነበሩ፤ አማቷም ለዓመታት አብረዋት ኖረዋል። ብቻዋን አልተሸከመችውም። ብቻውን የሚሸከም ሰው ምን እንደሚሆን ዮቶር ነግሮናል።

ሰኔ 14 ቀን 1924 ፍራንክ በሚኖሩበት በሞንትክሌር ከተማ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ለሚስቱ ስልክ ደወለ። እያወራት ሳለ ልቡ ቆመና ወደቀ። ዕድሜው 55 ነበር። ትልቋ ልጃቸው ገና 18 ዓመቷ፣ ትንሿ የሁለት ዓመት ሕፃን ናት።

እኛ ዘንድ ቢሆን ድንኳን ተተክሎ፣ ዕድርተኛው ተሰብስቦ፣ ጥቁር ለብሳ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው። ሊሊያን ግን በቀናት ውስጥ መርከብ ተሳፍራ ወደ አውሮፓ ሄደች። ፍራንክ ለንደንና ፕራግ ላይ በሚደረጉ ስብሰባዎች ሊናገር ቀጠሮ ነበረው፤ እሷ በእሱ ቦታ ቆመች። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ከበደኝ። እናቴ አባቴን ባጣች ጊዜ ለወራት ከቤት ስትወጣ አላየኋትም፤ ሐዘን ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬም አምናለሁ። ነገር ግን 11 ልጅ የሚበላው ይፈልጋል፤ ድርጅቱም የሚቆመው በስም ነው። ስሙ ደግሞ የሟቹ ነበር።

ከአውሮፓ ስትመለስ የፈራችው ደረሰ። ደንበኞቹ ውላቸውን አላደሱም። ለዓመታት ሥራውን እኩል ስትሠራ የኖረች፣ ዶክትሬት ያላት እሷ ሆና ሳለ፣ ሴት የምትመራውን አማካሪ ፋብሪካቸው ውስጥ ሊያስገቡ አልፈለጉም። የፋብሪካው በር ሲዘጋባት በቤቷ ውስጥ ኮርስ ከፈተች፤ ኩባንያዎች ሰዎቻቸውን እየላኩ የእንቅስቃሴ ጥናት እሷ ዘንድ ይማሩ ጀመር። ማንም መሐንዲስ ልብ ወዳላለው ቦታም ሄደች፤ ወደ ሴቶች ሥራ።

ከሥራዎቿ አንዱን ልንገራችሁ፤ ወንድሞች እንዳትሳቁ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ስለሚጠቀሙበት መጠበቂያ እንድታጠናለት ጠየቃት። ያን ጊዜ በአደባባይ ስሙ የማይነሳ ጉዳይ ነው። እሷ ግን ከ1000 በላይ ሴቶችን በመጠይቅ ጠየቀችና በ1927 ሪፖርቷን አቀረበች። ሴቶቹ የፈለጉት የሚመች፣ በልብስ ላይ የማይታወቅ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ በቀላሉ የሚጣል ነገር ነበር። የኩባንያው ምርት ስሙ ማን ነበር መሰላችሁ? ሞዴስ። እኛ አገር ዛሬ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን የምንጠራበት ቃል ያ የድሮ የንግድ ስም ነው። ሞዴስን የፈጠረችው ሊሊያን አይደለችም። ነገር ግን ተጠቃሚዎቹን ራሳቸውን ሄዳ የጠየቀች እሷ ናት። በትምህርት ቤት በወር ውስጥ ቀናት የሚቀሩ ልጃገረዶች ባሉበት አገር ስለዚህ ነገር መጠየቅ ነውር ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ስትሠራ የምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ትክክለኛ ከፍታ ስንት መሆን እንዳለበት ለማወቅ ከ4000 በላይ ሴቶችን አነጋገረች። በ1929 ለአንድ የብሩክሊን ጋዝ ኩባንያ የሠራችው የወጥ ቤት አቀማመጥ ደግሞ በሙከራ ተፈትኗል፤ እንጆሪ ያለበት አንድ ኬክ ለመሥራት 281 እርምጃ ይወስድ የነበረው ወደ 45 ወረደ። በእግር ሲረገጥ የሚከፈተው የቆሻሻ ቅርጫትና ፍሪጅ በር ላይ ያለው መደርደሪያም ከእሷ ስም ጋር ይነሳሉ። የሚገርመው፣ ራሷ እምብዛም አታበስልም ነበር። ለዚህ ይመስለኛል አውቃለሁ ብላ ከመናገር ይልቅ የጠየቀችው።

ያቺ ወጣት እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። “ይሄ ሁሉ ግን ተከፍሏት ነው” አለች። እውነቷን ነው። ተከፍሏት ነው፤ በዚያም ገንዘብ ልጆቿን አስተማረች፤ የሚያሳፍር ነገርም የለበትም። ነገር ግን ያንኑ ሙያ ይዛ ደመወዝ ወደማይጠየቅበትም ቦታ ሄዳለች። በ1930 ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ አሜሪካን ሲያንገላታ፣ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ሥራ ላጡ ሰዎች ያቋቋሙት የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴ ውስጥ የሴቶችን ክፍል እንድትመራ ጠሯት። ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። በመላ አገሪቱ ባሉ የሴቶች ማኅበራት በኩል፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሲያዘገየው የኖረውን የቤት ጥገና አሁን እንዲያሠራና ሥራ አጥ ሰው እንዲቀጥር ቀሰቀሰች። ጣሪያ የሚያፈስ ካለ ዛሬ ይጠገን፤ አጥር የዘመመ ካለ ዛሬ ይቅና ማለት ነው። ቀውሱን አስቆመው ወይ? አላስቆመውም፤ ከችግሩ ስፋት አንጻር ጠብታ ነበር። ግን አጥሩን ያቀናው ሰው ያን ሳምንት ለልጆቹ ዳቦ ይዞ ገብቷል።

የልጃገረዶች ስካውት ድርጅትን በነጻ ለረጅም ዓመታት አገልግላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥትን ስለ ሠራተኞች ጉዳይ አማክራለች። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ለአካል ጉዳተኞች የሠራችው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ለተመለሱ ወታደሮች ከባሏ ጋር የጀመሩት ሥራ ነበር፤ አንድ እጅ ያለው ሰው የትኛውን ሥራ በየትኛው መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ያጠኑ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደገና ተመለሰችበት፤ በ1944 ስለ አካል ጉዳተኞች ሕይወት ከሌላ ጸሐፊ ጋር መጽሐፍ አሳተመች፤ ልባቸው የታመመና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ሊሠሩባቸው የሚችሉ ወጥ ቤቶችንም ነደፈች። የፋብሪካ ባለቤት የማያየውን ሰው አየች ማለት ነው። አካሉ የጎደለው ሰው ከእኛ የሚፈልገው ጸሎትና ምጽዋት ብቻ ነው ብለን የምናስብ ከሆነ፣ ጠረጴዛው ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ራሱ ሊሠራ እንደሚችል ልብ አላልንም።

በ1935 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነች፤ ከእሷ በፊት በዚያ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የሆነች ሴት አልነበረችም። በ1966 ደግሞ የሁቨር ሜዳልያን ተቀበለች። ይህ ሽልማት መሐንዲሶች ከሙያቸው ሥራ አልፈው ለሕዝብ ላበረከቱት አገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ዕድሜዋ 88 ነበር። በ1972 አረፈች።

ታሪኩን ለአንዷ ነግሬ አላበቃሁም፤ ለክፍሉ ሁሉ ነገርኩ። ወጣት ደግሞ የሰማውን ወዲያው መሞከር ይወዳል። ዓመታዊው ኮንፈረንስ እየተቃረበ ስለነበር ሁለት ልጆች ደብተር ይዘው የቤተ ክርስቲያኒቱ ኩሽና ውስጥ ቆሙ። እናቶች ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ድስት ያማስላሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። የውሃው በርሜል በር አጠገብ ነው፤ ምድጃው ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ። አንዷ እናት ለአንድ ድስት ወጥ 11 ጊዜ ተመላለሱ። ልጆቹ ይህን በኩራት እየጻፉ ሳለ የኩሽናው ኃላፊ እናታችን ቀና ብለው “ልጆቼ፣ ከምትቆጥሩልን ብትቀዱልን አይሻልም?” አሏቸው። ኩሽናው በሳቅ ተሞላ። ደብተሩ ተቀመጠ፤ ጄሪካኑ ተነሳ።

ማታ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ግን ወደ ጥያቄው ተመለስን። “እማማ፣ እዚህ ኩሽና ውስጥ ከሁሉ የሚያደክምዎ ምንድን ነው?” እኛ በርሜሉን እንደሚሉ እርግጠኞች ነበርን። እሳቸው ግን “ሽንኩርቱ” አሉ። ሽንኩርት የሚላጠው መሬት ላይ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ተጎንብሶ ነው። “ማታ ቤቴ ስገባ ወገቤ አይቃናም፤ ተንበርክኬ መጸለይ እንኳ ያቅተኛል” አሉን። ይህን ያሉት እያማረሩ አይደለም፤ ስለተጠየቁ ብቻ ነው። ለስንት ዓመት የእሳቸውን ወጥ ስበላ ኖሬያለሁ፤ ጥያቄው የተጠየቀው ግን ያን ዕለት ነው።

አናጢ የሆነ አንድ ወንድም በሁለት ቅዳሜ ረጅም ጠረጴዛ ሠራ። ከፍታውን የለካው በእናቶቹ ክርን ነው። ሁሉም በአንድ ቁመት ስላልሆኑ የጠረጴዛው አንድ ጫፍ ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ሲያዩት ያስቃል። በርሜሉን ግን ማዘዋወር አልቻልንም። የቧንቧው መስመር የሚያልፈው በበሩ በኩል ብቻ ነው፤ ለአዲስ መስመር የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ከዲያቆናቱ ኮሚቴ ገና አልተፈቀደም። እስኪፈቀድ ወጣቶቹ በተራ ይቀዳሉ።

ያቺ ወጣት ወደ መዘምራን አልተመለሰችም። ሰዎችም “የት ነው የምታገለግይው?” ማለታቸውን አላቆሙም። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አራት መበለቶች በቤተ ክርስቲያናችን አሉ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚጋግሩት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ዘንድ ትሄዳለች። ከጤፉ ግዢ አንስቶ ሱቅ እስከሚያስረክቡበት ድረስ አብራቸው ትውላለች፤ ወጪና ገቢውን ትጽፋለች፤ ጭሱ ሲበዛ አብራቸው ታስላለች። ባለፈው እሑድ “እስካሁን ምን መከርሻቸው?” ብዬ ጠየቅኳት።

“ምንም፤ ገና እያየሁ ነው” አለችኝ።